ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና፦ ወረርሽኝ የሳንባ ካንሰር ታማሚን እንዴት ይጎዳል?



የዛሬው ጽሑፍ የታሪክ ጽሑፍ ነው። ነገር ግን በየቤታችን ያለውን ሳል ስለሚመለከት እስከ መጨረሻው እንድታነቡት አደራ እላለሁ።

ወረርሽኝ ሰውን በሁለት መንገድ ይገድላል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ በሽታው ራሱ ይገድላል፤ ቁጥሩም በየዕለቱ በዜና ይነገራል። ሁለተኛው ግን አይቆጠርም። ሌላ ሕመም ያለበት ሰው መንገድ ተዘግቶበት፣ አልጋ ጠፍቶ፣ ኦክስጅኑ ለሌላ ተሰጥቶ ወይም ሆስፒታል መሄድ ፈርቶ ቤቱ ሲቀር የሚመጣው ሞት ነው። በዚህ ሁለተኛ መንገድ አብዝተው ከሚጎዱት አንዱ የሳንባ ካንሰር ታማሚ ነው። ወረርሽኙም ካንሰሩም የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሳንባ ላይ። ሁለቱም ያስላሉ፣ ሁለቱም ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት አልጋ፣ አንድ ዓይነት ኦክስጅን፣ አንድ ዓይነት ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ይህን ለመረዳት ከ100 ዓመት በፊት እንጀምር።

📌 ኅዳር 1911 ዓ.ም.

አያቶቻችን "የኅዳር በሽታ" የሚሉትን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አገራችንን የመታው ይህ በሽታ ዓለም "የስፔን ጉንፋን" ብሎ የሚጠራው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ለሞት ከተቃረቡ በኋላ ነው የዳኑት። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ወደቀ። በገጠሩማ መዝጋቢ ስላልነበረ የሞተው ሁሉ በየደብሩ አፈር ለብሶ ቀረ።

ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል፣ "ኅዳር ሲታጠን" ስንል፣ የዚያን ዘመን ትዝታ እየያዝን ነው። በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ያንን የጭስ ጠረን ያውቀዋል።

የኅዳር በሽታ ሰውን የሚገድለው በአብዛኛው በጉንፋኑ ብቻ አልነበረም። ጉንፋኑ ሳንባን ካደከመ በኋላ ባክቴሪያ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ከዚያም በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት መግል ይቋጥራል። በዚያ ዘመን ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም። መግሉን ለማውጣት የተለመደው መንገድ ደረትን መክፈት ነበር። የዛሬው ታሪካችን የሚነሳውም ከዚህ ነው።

📌 መጠበቅን ያስተማረ ወረርሽኝ

በዚያው ዘመን አሜሪካ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወጣት ወታደሮችን በካምፕ ሰብስባ ነበር። በሽታው ሲገባባቸው ደረታቸው መግል የቋጠረ ወታደሮች በዙ። ቀዶ ሐኪሞቹ ለዘመናት የለመዱትን አደረጉ፤ መግል እንዳዩ ቶሎ ደረቱን ከፈቱ። በሽተኞቹ ግን አለቁ። በአማካይ ከ100 ሰው ወደ 30 የሚጠጋው ይሞት ነበር፤ በአንዳንድ ካምፖች ደግሞ ከዚህም እጅግ የባሰ ነበር።

የአሜሪካ ጦር ምክንያቱን የሚያጠና የሐኪሞች ቡድን አቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ ኤቫርትስ ግራሃም የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። ግራሃምና ባልደረቦቹ ያገኙት መልስ እንዲህ ነው።

ሳንባችን እንደ ፊኛ ነው። ተነፍቶ የሚቆየው በዙሪያው ያለው ክፍተት አየር ስለማይገባበት ነው። ደረት ሲከፈት አየር ይገባና ሳንባው ይጨማደዳል። በሽታው ቆየት ያለበት ሰው ከሆነ ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ደረቱ ቢከፈትም ብዙ አይጎዳም። በሽታው ገና ትኩስ ከሆነ ግን ምንም የሚይዘው ነገር የለም፤ በምች የተጎዳው ሌላኛው ሳንባም ሸክሙን አይችልም። ስለዚህ በሽተኛው እዚያው ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቱን አትክፈቱ፤ አየር በማያስገባ መንገድ በመርፌ ወይም በቱቦ መግሉን ቀንሱ፤ ሰውየውን መግቡ፤ ሳንባው እስኪጣበቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ክፈቱ። ይህ ከተደረገ በኋላ ሞቱ ከ100 ሰው ከ5 በታች ወረደ።

ልብ በሉ፤ አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። የተገኘው ዕውቀት "መቼ ነው የምንጠብቀው፣ መቼ ነው የማንጠብቀው?" የሚል ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ያዙት፤ ከ100 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

📌 የመጀመሪያው የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና

ከኅዳር በሽታ በፊት ደረትን መክፈት ሐኪሞች የሚፈሩት ሥራ ነበር። ወረርሽኙ ያስተማረው ግን ለሌላ በሽታ በር ከፈተ። ያው ግራሃም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1933 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ባርነስ ሆስፒታል ውስጥ የ48 ዓመቱን የማህፀን ሐኪም ጄምስ ጊልሞርን ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባው። ጊልሞር በግራ ሳንባው ካንሰር ነበረበት። ሐሳቡ የሳንባውን አንድ ክፍል ብቻ ለማውጣት ነበር። ደረቱ ሲከፈት ግን ካንሰሩ ሙሉውን ሳንባ ካላወጡ የማይነቀል ሆኖ ተገኘ። ግራሃም የግራ ሳንባውን ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጣው። የሳንባ ካንሰር ታማሚ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሙሉ ሳንባው ወጥቶለት ሲድን ይህ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

ጊልሞር በአንድ ሳንባ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ኖረ።

የታሪኩ ሌላኛው ወገን ግን ያሳዝናል። ግራሃም ሲጋራ አጫሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ኧርነስት ዊንደር ከተባለ ወጣት ባልደረባው ጋር 684 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችን አጥንተው ሲጋራና የሳንባ ካንሰር ያላቸውን ዝምድና ለዓለም አሳዩ። ግራሃም ከዚያ ወዲህ ማጨስ ቢያቆምም ዘግይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ራሱ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ያዳነው ጊልሞር በሕይወት ነበር። የጊልሞር ካንሰር ሊወጣ በሚችልበት ጊዜ ላይ ተደረሰበት፤ የግራሃም ሲታወቅ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

📌 ከዚያ ኮሮና መጣ

ቻይና ውሃን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ሁለት የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የሳንባቸው ክፍል ወጣ። በዚያን ጊዜ ኮሮና እንዳለባቸው ማንም አላወቀም። በኋላ የወጣው ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከካንሰሩ ጎን የኮሮና ጉዳት መጀመሩ ታየ። ኮሮና ገና ሲጀምር ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ዓለም በመጀመሪያ ካየባቸው ናሙናዎች መካከል እነዚህ የካንሰር ታማሚዎች ሳንባዎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ሁለት ፍርሃት መካከል ወደቁ።

አንደኛው፦ ቀዶ ሕክምና ብናደርግ በሽተኛው በኮሮና ይሞትብናል። ፍርሃቱ እውነት ነበረው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ ጥናት በቀዶ ሕክምናቸው ሰሞን ኮሮና የተገኘባቸውን 1 ሺህ 128 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሳንባ ችግር ገጠማቸው፤ ከ100 ሰው ወደ 24ቱ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱ። በሌላ ጥናት ደግሞ ኮሮና ከያዛቸው 200 የሳንባና የደረት ካንሰር ታማሚዎች 66ቱ ሞተዋል። ከ3 ሰው 1 ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ ቀዶ ሕክምናውን ብናቆየው ካንሰሩ ያድጋል። ይህም እውነት ነበረው። የካንሰር ቀዶ ሕክምና በ4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድል ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር በወረርሽኙ ዓመት የታተመ ትልቅ የጥናት ግምገማ አሳይቷል።

በዚህ መካከል ዓለም ብዙውን አቆየ። በወረርሽኙ ከባድ 12 ሳምንታት ውስጥ ወደ 28 ሚሊዮን ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚራዘሙ ተገምቶ ነበር፤ ከእነዚህ 2.3 ሚሊዮን ያህሉ የካንሰር ነበሩ። በ61 አገሮች 20 ሺህ የካንሰር ታማሚዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ እንዲህ አለ፦ እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ በተዘጋባቸው ቦታዎች ከ7 ታማሚዎች 1 ቀጠሮ የተያዘለትን ቀዶ ሕክምና ሳያገኝ ቀረ። ገደቡ ቀላል በነበረባቸው ቦታዎች ግን ሳያገኝ የቀረው ከ100 ሰው 1 እንኳ አልሞላም።

አባቶቻችን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚሉት ይህን ነው።

የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለምን ይበልጥ ተጎዳ? ሥራው ራሱ ከኮሮና ሕክምና ጋር ይሻማል። ቱቦ በጉሮሮ ይገባል፤ አንዱ ሳንባ እንዲያርፍ ተደርጎ በሌላው ብቻ ይተነፈሳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጽኑ ሕሙማን ክትትልና ኦክስጅን ያስፈልጋል። በመሣሪያ የመተንፈሻ ቱቦን ውስጥ አይቶ ናሙና መውሰድም ሐኪሙን በቀጥታ ለታማሚው ትንፋሽ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ምርመራውም ሕክምናውም አብረው ዘገዩ።

📌 በእኛ አገር፣ በእኛ መንገድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልላችን ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ትሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገድቦባቸው ነበር። የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ ወንበር እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ተለየ፤ ኮንሰርትና ባዛር የምናውቀው ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት ሕክምና ማዕከል ሆነ። በትልልቅ ሆስፒታሎች አጣዳፊ አይደሉም የተባሉ ቀዶ ሕክምናዎች እንዲዘገዩ ተደረገ።

አገሪቱ በወረርሽኙ ዘመን ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ በምርመራ የተረጋገጡ ታማሚዎችንና ከ7 ሺህ 500 በላይ ሟቾችን መዝግባለች። የተቆጠረው ግን የመጀመሪያው ዓይነት ሞት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ለማየት አንድ አባትን በሐሳባችን እናስብ። ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ 60 ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ሳል ከያዛቸው ሦስት ወር ሆኗል። በደህናው ጊዜ መንገዳቸው ይህ ነው፦ ጤና ኬላ፣ አምበር ጤና ጣቢያ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎ ወይ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይ ደጀን ወርደው ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ። በየደረጃው ራጅ፣ የአክታ ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ ናሙና፣ ቀጠሮ አለ። በየደረጃው የትራንስፖርት፣ የአልጋና የአስታማሚ ወጪ አለ። የደረት ቀዶ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። የጨረር ሕክምናም ከ20 ዓመት በላይ ለመላው አገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞች የተከፈተው በቅርብ ዓመታት ነው።

ይህ መንገድ በደህናው ቀን እንኳ ወራት ይፈጃል። አሁን በላዩ ወረርሽኝ ጨምሩበት። ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። "ሆስፒታል ሄዶ በሽታ ይዞ ከመመለስ ቤት መቀመጥ ይሻላል" የሚል ምክር ከጎረቤት ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳሉ ራሱ ያሳፍራል። በዚያ ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ የሳለ ሰው ምን ዓይነት ዓይን እንደሚያርፍበት ታስታውሳላችሁ። "ኮሮና ነው ተብዬ ለይተው ያስቀምጡኛል" ብሎ ሳሉን በጋቢው አፍኖ የተቀመጠ ሰው ስንት ነበር? "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያኔ ግን ሕዝብ በሙሉ ሳሉን ደበቀ።

የሳንባ ካንሰር በቀዶ ሕክምና የሚድነው በሽታው ከሳንባው ሳይወጣ ሲደረስበት ነው። ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ከተሰራጨ በኋላ ሕመም የሚያስታግሱና ዕድሜ የሚያረዝሙ ሕክምናዎች አሉ፤ ቢላዋው ግን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የጠፉት ወራት ለዚህ አባት ተራ ወራት አይደሉም።

📌 አንድ ቃል፣ ሁለት በሽታ

በአገራችን ለመዘግየቱ ወረርሽኝ ብቻ ተጠያቂ አይደለም። ቋንቋችንም ያሳስተናል። "ነቀርሳ" ስንል ካንሰር ማለታችን ነው። "የሳንባ ነቀርሳ" ስንል ግን ቲቢ ማለታችን ነው። በዚህ የተነሳ "ነቀርሳ ነው ተብዬ መድኃኒት ጀመርኩ" የሚል ሰው የትኛው በሽታ እንዳለበት ቤተሰቡም አያውቅም፤ አንዳንዴም እሱ ራሱ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ካንሰሩን "የሳንባ ካንሰር"፣ ሌላውን "ቲቢ" እያልኩ የምለየው ለዚህ ነው።

ግራ መጋባቱ በቃል ብቻ አይቆምም። ቲቢ በአገራችን የተስፋፋ ስለሆነ ሳል፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ያለበትን ሰው ሐኪም በመጀመሪያ ለቲቢ መመርመሩ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ምርመራው ቲቢ ሳያሳይ፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት ተወስዶ ለውጥ ሳይታይ፣ "እስቲ ደግሞ እንጠብቅ" ሲባል ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ ስም ተጨመረ፤ ሳሉ "የኮሮና ርዝራዥ ነው" ተባለ። አንዱ ሳል ሦስት ስም ሲፈራረቅበት ካንሰሩ ይደበቃል።

"እኔ ሲጋራ አላጨስም፤ እኔን አይመለከትም" የምትሉ ትኖራላችሁ። በአገራችን የሚያጨስ ሰው ከብዙ አገሮች ሲነጻጸር ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው። የሳንባ ካንሰር ግን ፈጽሞ አጭሶ የማያውቅን ሰውም ይይዛል። መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት ለዓመታት የማገዶ ጭስ መተንፈስም ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል የዓለም ካንሰር ተመራማሪዎች መድበውታል። ስለዚህ እናቶቻችንን አንርሳቸው።

📌 መጠበቅ መቼ? አለመጠበቅ መቼ?

ግራሃም በኅዳር በሽታ ዘመን የጠየቀውን ጥያቄ የኮሮና ዘመን ሐኪሞች እንደገና ጠየቁት። መልሱም ቀስ በቀስ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ታማሚዎችን ከፋፍሎ አስቀመጠ። ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠጣር የሳንባ ዕጢ ያለበት ሰው ሆስፒታሉ አቅም እስካለው ድረስ አይዘግይ፤ በጣም ትንሽ ወይም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ያለበት ግን በክትትል ለተወሰኑ ወራት ሊቆይ ይችላል አለ። "ሁሉም ይቅር" ከማለት "ይህ አይቆይም፣ ያ ይቆያል" ወደ ማለት ተሻገሩ።

ሁለተኛው መልስ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ከ116 አገሮች ከ140 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ያካተተው ጥናት ኮሮና ይዞት የነበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት የመሞት አደጋው ከፍ እንደሚል፣ 7 ሳምንት ካለፈው ግን ኮሮና ካልያዘው ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳየ። ትንፋሽ ማጠሩ ወይም ሌላ ምልክት ያልለቀቀው ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ይህ ቁጥር ክትባት ከመስፋፋቱ በፊት የተገኘ ነው፤ ዛሬ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ዋናው ነገር ግን መጠበቅ ቀን የተቆረጠለት ሆነ።

ሦስተኛው መልስ የቦታ ነው። ኮሮና ያለባቸውና የሌለባቸው ታማሚዎች በአንድ በር ሲገቡ ሁለቱም ይጎዳሉ። ከኮሮና የተለየ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያዘጋጁ ሆስፒታሎች ግን ካንሰሩን ማከም ሳያቆሙ ቀጠሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ክትባቱ መጣ። በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ክትባት መስጠት ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

በመጠበቅና በመተው መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የሚጠብቅ ታማሚ ቀን አለው፣ የሚደውልለት ሰው አለው፣ ምን ምልክት ካየ ሳይቀጠር እንደሚመጣ ያውቃል። የተተወ ታማሚ "ሁኔታው ሲስተካከል ትመጣለህ" ተብሎ ይሸኛል። በወረርሽኝም ሆነ በሌላ ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ታማሚ እንዳይተው መጠየቅ ያለብን እኛው ነን።

📌 ለእናንተ የምመክረው

✅ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በሰፈራችሁ ምንም ዓይነት ወረርሽኝ ቢኖር ጤና ጣቢያ ይታይ። የአክታ ምርመራ አድርጉ።

✅ ቲቢ ያልተገኘበት፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ የማይሻለው ሰው "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?" ብሎ ይጠይቅ። ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

✅ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ አዲስ የመጣ የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ አትቆዩ። ሳይቃጠል በቅጠል።

✅ የራጅ ፊልም፣ የሪፈር ወረቀትና የምርመራ ውጤት በአንድ ቦታ አስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሱት። መንገድ ሲዘጋና ሆስፒታል ሲቀየር ምርመራውን ከዜሮ ከመጀመር ያድናችኋል።

✅ ቀጠሮ ሲራዘምባችሁ ሦስት ነገር ሳትጠይቁ አትውጡ፦ እስከ መቼ? ማን ይደውልልኛል ወይስ እኔ ለማን ልደውል? ምን ዓይነት ምልክት ካየሁ ሳልቀጠር ልምጣ?

✅ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ አዲስ ሳል ወይም ጉንፋን ከያዘው አይደብቅ። "ቀጠሮዬ ይቀርብኛል" ብሎ መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ሐኪሙ ቀኑን ያሸጋሽገዋል እንጂ አይሰርዘውም።

✅ የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ያቁም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ማቆም ቁስሉም ሳንባውም ቶሎ እንዲያገግም ይረዳል። በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አዋጁ እናንተ ናችሁ።

✅ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያችሁን በየዓመቱ አድሱ። ሪፈሩንም ደረጃውን ጠብቃችሁ አጽፉ። ከደብረ ማርቆስ በላይ ለሚሄድ ታማሚ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ወላጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሳንባ ካንሰር በልጆች ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ የሳለ ልጅ ስታዩ እሱን አትፍሩ። የልጅ ሳል ሲቆይ ግን ቲቢ፣ አስም ወይም በመተንፈሻ ቱቦ የገባ ባቄላ ወይም ለውዝ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በፍጥነት የሚተነፍስ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ይወሰድ። ለልጆቻችሁ የነገ ሳንባ ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት ትልቁ ነገር ጭሱን ከቤት ማውጣት ነው። ማዕድ ቤቱን ከመኝታ ለዩት፤ መስኮት ክፈቱለት፤ ጭስ ቀናሽ ምድጃ ተጠቀሙ፤ ሕፃን አዝላችሁ እሳት ላይ አትጎንበሱ።

የኅዳር በሽታ የሐኪሞችን ትዕግሥት ፈትኖ ደረት የሚከፈትበትን ትክክለኛ ሰዓት አስተማረ። ከዚያ ትምህርት የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተወለደ። ኮሮና ደግሞ የሚቆየውንና የማይቆየውን ታማሚ እንድንለይ አስተማረን። ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም፤ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ጭምብሉን አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ክትባቱን ውሰዱ። የአባታችሁን ሳል ግን ወረርሽኙ እስኪያልፍ ብላችሁ አታቆዩት።

በቤታችሁ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለሚያስፈልገው ሰው ጽሑፉን አጋሩት።